የታይሮይድ ሕሙማን እርስ በርስ ሲመካከሩ

የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪም ይልቅ ሌላ የታይሮይድ ሕመምተኛ ማግኘት ይቀለዋል። ሐኪሙን የሚያገኘው በሦስት ወይም በስድስት ወር አንዴ፣ ያውም ለጥቂት ደቂቃ ነው። ያው ሕመም ያለባት ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ ወይም አሜሪካ የምትኖር አክስት ግን በፈለገ ሰዓት ስልክ ታነሣለታለች። ስለዚህ መመካከሩ አይቀርም፤ ይቅር ማለትም ተገቢ አይመስለኝም። ሊታሰብበት የሚገባው ምን እንደምንመካከር ነው። ሕመምተኛ ለሕመምተኛ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ፣ ስለ ምርመራ ወረቀትና ስለ አደጋ ምልክት የሚያውቀውን ሁሉ ያካፍል፤ የኪኒን መጠን ግን አይስጥ፣ ቢሰጡትም አይቀበል። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ከዚህ ይመነጫሉ። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ደንቡን በመጀመሪያው ችግር ስለሚጥለው ምክንያቱንም አብሬ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፣ ምክር ከመስጠትዎ በፊት ሰውዬው ምን እንደታመመ ይጠይቁ። አንገታቸው ያበጠ ሦስት ሴቶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የአንደኛዋ ዕጢ ሆርሞን አንሶታል፣ የሁለተኛዋ ከልክ በላይ ያመርታል፣ የሦስተኛዋ ደግሞ ቢያብጥም ሥራው ልክ ነው፤ ይህ በዓይን አይለይም። ሆርሞን ሲያንስ ብርድ ብርድ ይላል፣ ሰውነት ይከብዳል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል። ድካም፣ የፀጉር መርገፍና የወር አበባ መዛባት ግን በሁለቱም በኩል አሉ። ድካም ደግሞ ከደም ማነስም፣ ከስኳርም፣ ከእርግዝናም፣ ከድብርትም ይመጣል። «እኔንም እንዲሁ ያደርገኝ ነበር» የሚለው አባባል ከልብ የመጣ ቢሆንም ሕመምን አይለይም። ሕክምናው ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ሆርሞን ላነሰው ሌቮታይሮክሲን ይጨመርለታል፣ ለበዛበት ካርቢማዞል ወይም ፒቲዩ (ፕሮፒልታዮዩራሲል) ተሰጥቶ ምርቱ ይቀነሳል። የአንዷ መድኃኒት ለሌላዋ ሕመሟን ማባባሻ ነው።

ይህ ስጋት የወረቀት ላይ ብቻ አለመሆኑን ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1820 የጄኔቫው ሐኪም ዣን ፍራንሷ ኮይንዴ እንቅርትን በአዮዲን ማከም ጀመረ፤ ብዙዎችም ተሻላቸው። ወሬው ሲዛመት ሰዎች ያለ ሐኪም አዮዲን ይወስዱ ጀመር፤ ከእነሱም መካከል የሚከሱ፣ የሚንቀጠቀጡ፣ ልባቸው የሚመታ በረከቱ። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል፦ ለዓመታት አዮዲን አጥቶ ያበጠና እባጭ ያወጣ ዕጢ በድንገት አዮዲን ሲያገኝ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚምባብዌ አዮዲን የበዛበት ጨው ገበያ ላይ ሲውልም ይኸው ታይቷል። ይህ ግን ከጨው የሚያሸሽ ምክንያት አይደለም። በኢትዮጵያ ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ጨው ከአሰብ መምጣቱ ሲቋረጥ አዮዲን ያለው ጨው ከብዙ ቤት ጠፍቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ የወጣውም እንቅርትንና የሕፃናትን የአእምሮ ዕድገት መጓደል ለመከላከል ነው። አዮዲን ያለው ጨው ለቤተሰቡ ሁሉ ይሁን፤ «ለእንቅርት ፍቱን ነው» ተብሎ በጠብታ ወይም በእንክብል የሚመጣ ተጨማሪ አዮዲን ግን ለማንም አይመከር።

ቀጥሎ የምርመራ ወረቀቱ ይመጣል፤ ብዙ ጥሩ ምክር የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ሰዎች ቁጥሩን ብቻ ይነጋገራሉ። ዋሽንግተን ያለችው እህት «የእኔ ፍሪ ቲ4 1.2 ነው» ብላ በደሟ ያለውን የታይሮይድ ሆርሞን ልክ ትናገራለች፤ አዲስ አበባ ያለችው ወረቀቷ ላይ 15.4 አይታ ትደነግጣለች። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሁለተኛው በፒኮሞል በሊትር ተለክቶ ነው። ኪኒኑም እንዲሁ ነው። አንዱ ብልቃጥ 0.1 ሚሊግራም፣ ሌላው 100 ማይክሮግራም ይላል፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት እኩል ነው። 0.05 ማለት 50 ማይክሮግራም ነው፤ አንዲት ዜሮ በስልክ ንግግር ስትጠፋ ግን መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። መድኃኒት በዘመድ ሻንጣ ከውጭ በሚመጣበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ሲጠይቁ የምርመራውን ስም፣ ቁጥሩን፣ መለኪያውንና ከጎኑ የተጻፈውን ጤናማ ወሰን ከነቀኑ ሙሉውን ይጻፉ። ስምዎንና የካርድ ቁጥርዎን ግን ይሸፍኑ።

ጥሩ ጥያቄ ይህን ይመስላል፦ «ዕድሜዬ 34 ነው። ሐኪሜ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው ብሎኛል። ሌቮታይሮክሲን 75 ማይክሮግራም መውሰድ ከጀመርኩ 7 ሳምንት ሆነኝ። ቲኤስኤች 6.8 መጥቷል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ወሰን ከ0.4 እስከ 4.2 ነው። ነፍሰ ጡር አይደለሁም፣ የልብ ሕመም የለብኝም። ለደም ማነስ አይረን እወስዳለሁ። ቀጠሮዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሐኪሜን ምን ልጠይቅ?» ቲኤስኤች ዕጢውን የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ ይላል። ቸኩላ የምትመልስ ጓደኛ «ወደ 100 ከፍ አድርጊው፣ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት» ትላለች። የተሻለ ምክር ያላት ደግሞ እንዲህ ትጠይቃለች፦ «እህቴ፣ አይረኑን በስንት ሰዓት ነው የምትወስጂው?» አይረን ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል፤ ሁለቱ ቢያንስ አራት ሰዓት መራራቅ አለባቸው። ሴትየዋ ሁለቱን ጠዋት አብራ የምትውጥ ከሆነ የጎደለው መድኃኒቱ አይደለም፣ መንገዱ ላይ እየቀረ ነው። መጠኑን ከፍ ብታደርግ ለጊዜው ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ደሟ ሞልቶ አይረኑን ስታቆም ግን 100ው በሙሉ ወደ ደሟ ይገባና ይበዛባታል። ሁለቱም መካሪዎች የሚያውቋት ያው አንዲት ሴት ናት፣ ሁለቱም ይወዷታል፤ የጠቀማት ግን የሰዓቱ ጥያቄ ነው።

መጠን የሚተላለፍ ነገር ያልሆነበትን ምክንያት በቁጥር ማየት ይቻላል። ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና የወጣላት 60 ኪሎ የምትመዝን ወጣት በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ታስቦላት ወደ 100 ማይክሮግራም ልትጀምር ትችላለች። እኩል የሚመዝኑ፣ የልብ ሕመም ያለባቸው የ70 ዓመት አዛውንት ግን በ12.5 ወይም በ25 ይጀመርላቸዋል፤ የወጣቷ መጠን ለእሳቸው የልብ ምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል። ለታይሮይድ ካንሰር የታከመ ሰው ቲኤስኤቹ ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል ይደረጋል፤ የእሱን ወረቀት እንደ ጤናማ ሰው ወረቀት የሚያነብ መካሪ «በዝቶብሃል፣ ቀንስ» ቢለው ሐኪሙ የሠራውን ያፈርስበታል። ነፍሰ ጡር ደግሞ ሌላ ስሌት አላት።

«እኔ ግን ሞክሬዋለሁ፣ ሠርቶልኛል» የሚለው መከራከሪያ ሁሌም ይመጣል፤ ቀላል መልስም አይበቃውም። ሰውየው አይዋሽም። ነገር ግን ሌቮታይሮክሲን ከደም ውስጥ ግማሹ ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል የሚፈጅበት መድኃኒት ነው፤ አዲስ መጠን ሙሉ ውጤቱን የሚያሳየው ከአምስትና ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ሐኪሞች ቲኤስኤችን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ጠብቀው የሚደግሙት ለዚህ ነው። በሦስተኛው ቀን የተሰማው ብርታት ከአዲሱ መጠን ይልቅ ከተስፋ፣ ከዕረፍት ወይም ሕመም በራሱ ወጣ ገባ ከማለቱ ሊመጣ ይችላል። ጉዳቱም እንዲሁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። የበዛ ሆርሞን መጀመሪያ ላይ ንቃት ይመስላል፤ እያደር ግን አጥንት ያሳሳል፣ ልብን ያውካል። ያን ጊዜ መካሪውም ተመካሪውም ነገሩን ከዚያ ምክር ጋር አያገናኙትም። ስለዚህ «ሠርቶልኛል» የሚለውን ሲሰሙ መቼ እንደጀመረ፣ በስንተኛው ሳምንት እንደተመረመረና ቁጥሩ ምን እንደነበረ ይጠይቁ። መልሱ «ምርመራ አላደረግኩም» ከሆነ የሰሙት ስሜት ነው፤ ስሜቱን ያክብሩ፣ ኪኒንዎን ግን አይንኩ።

ያለ ስስት የሚሰጠው ምክር ስለ አወሳሰድ ነው፤ እዚህ ላይ ልምድ ያለው ሕመምተኛ ከብዙ ባለሙያ የበለጠ ጊዜ አለው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይወሰዳል። ቡናም እንደ ምግብ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጣሊያን ጥናት ኪኒኑን ከቡና ጋር የወሰዱ ሰዎች ወደ ደማቸው የሚገባው መድኃኒት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጠዋት ጀበናው ተጥዶ በሚጠብቅበት ቤት ይህን መንገር ትልቅ ውለታ ነው፤ ቡናውን ተዉ ማለት አያስፈልግም፣ አንደኛው ስኒ አንድ ሰዓት ይቆይ። ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማርከሻም እንደ አይረን አራት ሰዓት ይራቁ። ጠዋቱ ለማይመቸው፣ ለጾመኛም ሆነ በረመዳን ለሚጾም ሰው፣ ማታ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ መውሰድ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ሲተኙ መውሰድ ጠዋት ከመውሰድ የተሻለ የሆርሞን መጠን እንደሰጠ አሳይቷል፤ ስለዚህ ጥያቄው ሐኪም ፊት የሚያሳፍር አይደለም። መድኃኒቱ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ያበላሹታል፤ በማሸጊያው ውስጥ፣ ከምድጃ ርቆ ይቀመጥ። የአንድ ሁለት ቀን ኪኒን ያለቀበት ሰውም ከሰው ኪኒን መበደር አያስፈልገውም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ፋርማሲ እስኪደርስ ሊጠብቅ ይችላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን ሳትዘገይ ትሂድ።

ለፀጉር ተብሎ የሚወሰደውን ባዮቲን ለብቻው ላንሣው፤ ምክር ምክርን እየጎተተ እንዴት እንደሚያሳስት ያሳያልና። ሌቮታይሮክሲን እየወሰደች ፀጉሯ ለሚረግፍ ሴት ባዮቲን ይመከርላታል። ባዮቲኑ ዕጢዋን ባይነካም አንዳንድ የላቦራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ቲኤስኤቿ ያለ ልኩ ዝቅ፣ ቲ4ቷ ያለ ልኩ ከፍ ብሎ ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 አስጠንቅቋል። ወረቀቱን ያየ ሁለተኛ መካሪ «ሆርሞንሽ በዝቷል፣ ኪኒኑን አቁሚ» ይላታል፤ ስታቆም ደግሞ ፀጉሯ ይብስ ይረግፋል። ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ባዮቲን ማቆምና ለላቦራቶሪው መናገር ይበቃ ነበር።

አሁን በምክር ፈንታ «ተነሥ፣ ዛሬውኑ ሂድ» መባል ያለበትን እንይ። ካርቢማዞል ወይም ፒቲዩ የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ሲይዘው በእኛ ቤት መልሱ የታወቀ ነው፦ ምች ነው፣ ዳማከሴ ይጨመቅለት፣ ዝንጅብል ይፈላለት። ለሌላው ሰው ይህ ምንም አይደል። ለዚህ ሰው ግን እነዚህ መድኃኒቶች ከመቶ ከአንድ ባነሱ ሰዎች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት፣ ነጭ የደም ሴልን ያጠፋሉ፤ ትኩሳቱና ጉሮሮው የዚያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኪኒኑን ማቆምና በዚያው ቀን የደም ቆጠራ ማድረግ ሕይወት ያድናል። መጠንን በተመለከተ «አቁም» ማለት የሚፈቀደው በዚህ አንድ ቦታ ነው፤ እሱም ወደ ጤና ተቋም ከመላክ ጋር ነው። የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ያለበት የልብ መምታት፣ ግራ መጋባት፣ የዓይን ሕመም ከእይታ መቀነስ ጋርም እንዲሁ አይጠበቁም።

እርግዝናም ቀን አይሰጥም። «ያረገዘች ሴት መድኃኒት አትውሰድ» የሚለው የደግ ሰው ምክር ለታይሮይድ ሕመምተኛ የተሳሳተ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንሱ የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፤ ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ማርገዟን እንዳወቀች ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ይጨመራልና። በእርግዝና ክትትል የሚሰጣት አይረን ፎሌትም ከኪኒኗ አራት ሰዓት መራቁን አይርሱባት። ካርቢማዞል የምትወስደው ደግሞ መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ታግኝ፤ ወደ ፒቲዩ ሊቀየርላት ይችላል።

ጠንካራው ተቃውሞ ግን ይህ ነው፦ የሆርሞን ሐኪም ጥቂት ነው፣ ከዋና ከተማ ውጭ ደግሞ ማግኘት ይከብዳል፤ ያለውም ቲኤስኤችን አይቶ «ደህና ነህ» ብሎ ይሸኛል። ሕሙማን ባይመካከሩ ማን ይሰማቸዋል? ቅሬታው እውነት አለው። ቲኤስኤቻቸው ልክ ሆኖ ድካሙ ያልለቀቃቸው ሕሙማን መኖራቸውን ሕክምናውም ያውቃል። ይሁን እንጂ ሐኪም ማጣት የጎረቤትን መጠን ትክክል አያደርገውም፤ የተሳሳተው መጠን ልብ ሲያውክ የሚያስፈልገው ያው የጠፋው ሐኪም ነው። ከዚያ ይልቅ የምትገኘውን አጭር ቀጠሮ እንድትበቃ አድርጎ ማዘጋጀት ሕሙማን አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው። አንድ ገጽ ላይ የምርመራ ውጤቶችን በቀን ቅደም ተከተል፣ የሚወሰደውን ሁሉ ከነሰዓቱ፣ የቀረውን ምልክት ከነጀመረበት ጊዜ ይጻፉ። «ደክሞኛል» ከማለት «ድሮ ሳላርፍ የምወጣውን ፎቅ አሁን ሁለቴ አርፋለሁ» ማለት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ከዚያ በታች ጥያቄ ይጨመር፦ የደም ማነስ፣ የስኳርና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ ያስፈልገኛል ወይ? መቼ ተመልሼ ልመርመር? ጠቅላላ ሐኪም ወይም ጤና መኮንንም እንዲህ ያለ ወረቀት ሲቀርብለት የተሻለ ያክማል፤ ሪፈር የሚያስፈልገውንም ቶሎ ይለያል።

ምክር ሲቀበሉም ሚዛን ያስፈልጋል። የሚመክርዎ ሰው ከምክሩ የሚያገኘው ነገር አለ ወይ? ኪኒን፣ ቅጠል ወይም ዱቄት የሚሸጥ ሰው ምክር ማስታወቂያ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ለመክሳት ነው ከተባሉ ንግግሩን እዚያው ይቁረጡት፤ በአሜሪካ የዚህ መድኃኒት መግለጫዎች ለክብደት መቀነሻ እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። በተቃራኒው ለመወፈር ተብሎ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን የተባሉትን የስቴሮይድ መድኃኒቶች ለሳምንታት ሲወስድ የቆየ ሰው ካጋጠመዎ «ዛሬውኑ ጣለው» አይበሉት። ሰውነቱ ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሞ ሊሆን ስለሚችል በድንገት ማቆም ራስን እስከ መሳት ያደርሳል፤ በሐኪም እየተቀነሰ ነው የሚቆመው።

መጨረሻ ላይ የሚቀረው ውጤቱን መልሶ መንገር ነው፤ ብዙ ሰው ይረሳዋል። አይረኑን ከኪኒኑ ያራቀችው ሴት ከስድስት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤቿን ስታገኝ ለመከረቻት ትንገራት፤ ካልወረደም ትንገራት። መካሪዋም ቀድሞ የተናገረችው ለነፍሰ ጡር ወይም ለልብ ሕመምተኛ እንደማይሆን በኋላ ካወቀች ያን ምክር የሰጠቻቸውን ሁሉ ደውላ ታርማቸው።